ትልቅ ትእዛዝ መጣልኝ፤ ልቀበል ወይስ ልጠብቅ?

ባለምጣዷ (ኮተቤ)

ሰላም ለሁላችሁ፣ የተወደዳችሁ። ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ትንሽ ስለሚረዝም ታገሡኝ።

የምተዳደረው እንጀራ ጋግሬ በመሸጥ ነው። ሦስት ሠራተኞች አሉኝ። በቀን 300 ገደማ እናወጣለን። ለሰፈር ሱቆች፣ ለሁለት ምግብ ቤቶችና ለተወሰኑ ቤተሰቦች ጠዋት ጠዋት እናደርሳለን፤ ሒሳቡን እዚያው በካሽ እንቀበላለን። ጌታ ይመስገን፣ የቤት ኪራዩም፣ ደሞዙም፣ የልጆቼ ትምህርት ቤትም ከዚሁ ይወጣል።

አሁን ብዙ ቅርንጫፍ ያለው አንድ ሱፐርማርኬት በቀን 1000 እንጀራ አቅርቢልን አለኝ። ለዚህ ምጣድ መጨመር፣ ሰፋ ያለ ቤት መከራየት፣ ጤፍ በብዛት መግዛት አለብኝ። በእጄ ያለው ስለማይበቃ መበደር ይኖርብኛል። ባንኩ መያዣ ሲለኝ ያለን የባለቤቴ ቤተሰቦች ቤት ብቻ ነው።

የጸሎት ቡድኔ ነገሩን ሲሰሙ በጣም ደስ አላቸው። "እግዚአብሔር በር ከፍቶልሻል፤ 'የድንኳንሽን ስፍራ አስፊ' ተብሎ ተጽፏል" አሉኝ። ባለቤቴ ደግሞ "ቀስ እንበል፣ የያዝነውን እናጥብቅ" ይላል። ሁሉም በቅን ልብ እንደሚናገሩ አውቃለሁ። እኔን ያስቸገረኝ ሌላ ነው። ትዕግሥትና ፍርሃት በምን ይለያሉ? እምቢ ብል በእግዚአብሔር ታምኜ ነው ወይስ ደንግጬ?


እህል በረንዳ

ልጄ፣ እግዚአብሔር የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት እህል ንግድ ላይ ነው፤ በማውቀው ልጀምር። ሱፐርማርኬቱ የሚከፍለው በስንት ቀን ነው? ያልተሸጠውን እንጀራስ ማን ነው የሚሸከመው? እነዚህ ሁለቱ ሳይታወቁ በር ተከፈተ አይባልም።

እስቲ ለምሳሌ እናስላው። አንዱን በ20 ብር ብታስረክቢ፣ 1000 እንጀራ በቀን 20 ሺህ ብር ነው። ክፍያው በ45 ቀን ከሆነ፣ የመጀመሪያዋን ብር ከማየትሽ በፊት የ900 ሺህ ብር እንጀራ አስረክበሻል። የጤፍ ነጋዴው 45 ቀን አይጠብቅሽም። የመብራት ቆጣሪሽም፣ ሠራተኞችሽም እንደዚያው። በአጭሩ፣ ከባንክ በወለድ ተበድረሽ ለሱፐርማርኬቱ ያለ ወለድ ታበድሪያለሽ።

ሥራ የሚዘጋው ገበያ ሲጠፋ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔ እዚያ ገበያ ላይ ደጋግሜ ያየሁት ሌላ ነው። ገበያው ይመጣል፣ ሰውየው በእጁ ካለው ገንዘብ በላይ ይሸጣል፣ ደብተሩ ላይ አትራፊ ሆኖ ሳለ ለነገ ጭነት የሚከፍለው ያጣል። ከዚያ አራጣ ቤት ይሄዳል። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

ጌታችንም ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን ይቁጠር ብሏል፤ ሉቃስ 14 ላይ። መቁጠር እምነት ማነስ አይደለም፣ ልጄ። የታዘዝነው ነው።


ፈጣኑ

ጋሼን አክብሬ ልቃወም። ይሄ ምክር ብር ዋጋውን በሚጠብቅበት አገር ይሠራል። እኛ ግን የት ነው ያለነው? ጤፍ ኩንታሉ 10 ሺህ ብርን ካለፈ ቆይቷል። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ብራችን ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። ዛሬ አራት ምጣድ የሚገዛው ብር ከርሞ ሁለትም ላይገዛ ይችላል። ቀስ ብዬ ልቆጥብ የሚል ሰው ቀስ እያለ እየደኸየ ነው።

ደግሞ መክሊቱን የቀበረው ባሪያ ምን ነበር ያለው? "ፈራሁ" ነው ያለው። ጌታው ታጋሽ ነህ ብሎ አላመሰገነውም። እኛ ክርስቲያኖች ፍርሃታችንን ትዕግሥት እያልን የምንጠራበት ጊዜ በጣም ብዙ ነው። እህቴ፣ ሌላ ሰው ይወስደዋል፤ ቶሎ ወስኚ።


ሰንበቴ

ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ። ፈጣኑ ስለ ኑሮ ውድነቱ ያለው እውነት ነው፤ ብር ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ትዕግሥት አይደለም። ግን መክሊቱን ካነሳን እስከ መጨረሻው እናንብበው። ያ ጌታ የተመለሰው "ከብዙ ዘመን በኋላ" ነው (ማቴዎስ 25፥19)። አምስቱን አሥር ያደረገው አገልጋይ በአንድ ክረምት አላደረገውም። ነገደበት፣ ጊዜም ነበረው። የተወቀሰው ያልሠራው እንጂ ቀስ ብሎ የሠራው አይደለም።

እኔ ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ዘጸአት 23 ነው። እግዚአብሔር ለእስራኤል ምድሪቱን ሰጥቻችኋለሁ አለ። ግን በአንድ ዓመት አላወርሳችሁም፣ ጥቂት በጥቂት ነው አለ። ምክንያቱንም እዚያው ተናገረ፤ ምድሪቱ ባድማ እንዳትሆን፣ የዱር አራዊትም እንዳይበዙባችሁ። ለመያዝ የሚበቃ ሕዝብ ገና አልነበራቸውም። አስቡት፣ ተስፋው የእግዚአብሔር ነው፣ ምድሪቱም የእነሱ ናት፤ ግን ቶሎ ቢሰጣቸው ይጎዳቸው ነበር። "እስክትበዙ ድረስ" ነው የሚለው። እነሱ በበዙ ቁጥር መሬቱ ይጨመርላቸዋል።

ስለዚህ እህቴ፣ ጥያቄውን እንዲህ ብታደርጊው ደስ ይለኛል፦ 1000 እንጀራ የሚይዝ ቤት፣ ሰውና ገንዘብ ዛሬ አለኝ ወይ? ከሌለ፣ ወደዚያ የሚያደርሰኝ የመጀመሪያው እርምጃ የትኛው ነው?


አብሲት

እህት ባለምጣዷ፣ እኔም ጋጋሪ ነኝ፤ ተቀጥሬ ነው የምሠራው። ወንዶቹ ስለ ብር አወሩ፣ እኔ ስለ ሊጡ ላውራ።

አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ለሌሎቹ ልንገራቸው። ቡኮው በእርሾ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል። ከላይ ያቆረው ውሃ ይደፋል። ከሊጡ ተቀንሶ አብሲት ይጣላል፣ በረድ ሲል ይመለሳል፣ ኩፍ ሲል ይጋገራል። ሐምሌ ላይ ደግሞ እንደ ሚያዝያ አይቦካም፣ ብርዱ ያዘገየዋል። ስለዚህ በየቀኑ 1000 እንጀራ ለማውጣት የሦስት ቀን ሊጥ፣ የ3000 እንጀራ ማለት ነው፣ ሁልጊዜ ቤት ውስጥ ተደርድሮ መቦካት አለበት። ባልዲው ስንት ነው? ቦታውስ? መብራት ሲጠፋ ያ ሁሉ ሊጥ ይኮመጥጣል።

ከዚህ በፊት የሠራሁበት ቤት እንዲህ ያለ ትልቅ ትእዛዝ ተቀበለ። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ደስታ ነበር። ከዚያ ሊጡ አልደርስ አለ፣ ሳይበቃው አፍለኛውን እንጋግር ጀመር። ዓይኑ አይወጣም፣ ማታ ላይ ይሰነጣጠቃል። ቀጥሎ ጤፉ ሲወደድ ሩዝና በቆሎ ዱቄት መቀላቀል መጣ፤ የሚሸጠው ግን ንጹሕ ጤፍ ተብሎ ነው። ቀጥሎ የእኛ ደሞዝ ዘገየ። "ሱፐርማርኬቱ አልከፈለንም፣ ታገሡ" ተባልን። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስተን ጭስና ሙቀት ውስጥ የምንውል ሴቶች ነን። የእኔ ልጅ ወተት ግን 45 ቀን አይጠብቅም ነበር።

ያዕቆብ 5 ላይ የተቀማ የሠራተኛ ደሞዝ ይጮኻል ይላል። አሠሪዬ ክፉ ሰው አልነበረችም። ጸሎተኛ ነበረች። ቃል የገባችው ከአቅሟ በላይ ስለነበር አንዱን ቃል ለመጠበቅ ሌላውን ማፍረስ ነበረባት። የፈረሰው ደግሞ የደካማው ነው፤ የሱፐርማርኬቱ አይፈርስም፣ የእኛ ነው የሚፈርሰው።


ፈጣኑ

እህት አብሲት፣ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። አመሰግናለሁ።


አትላንታ ነኝ

እዚህ አትላንታ ያላችሁ ወገኖች ቺክ ፊሌን ታውቁታላችሁ፣ እሁድ የሚዘጋውን ዶሮ ቤት። መሥራቹ ትሩየት ካቲ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሰው ነበር፣ ለዓመታት የሰንበት ትምህርት አስተማሪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 ከወንድሙ ጋር ሃፕቪል ላይ አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ከፈተ። ከጅምሩ እሁድ ዘጋ። ቺክ ፊሌ የሚል ስም ያለው የመጀመሪያው ቤት የተከፈተው በ1967 ነው። መሀል ያለው 21 ዓመት ነው። በእነዚያ ዓመታት ወንድሙ በአውሮፕላን አደጋ ሞቶበታል።

ይህን ያነሳሁት ዛሬ ግዙፍ ስለሆነ አይደለም። ቀስ ያለ ሁሉ ግዙፍ አይሆንም፣ እግዚአብሔርም እንዲያ ብሎ ቃል አልገባም። የገረመኝ እሁዱ ነው። ምግብ ቤት ሆኖ እሁድ መዝጋት ከሰባቱ ቀን አንዱን ገቢ መተው ነው። የሠራተኛውን ዕረፍት ገና ትንሽ ሳለ ስለወሰነው ሲያድግም አብሮት ሄደ። ስናድግ እናርፋለን፣ ስናድግ አሥራት እናወጣለን፣ ስናድግ ደሞዝ እንጨምራለን የሚሉ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። ሲያድጉ ጭራሽ ጊዜ አጡ።

ሌላ አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዝ አገር ኩዌከር የሚባሉ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ የካድበሪ ቸኮሌት ቤተሰብ ከእነሱ ነው። ከመካከላቸው አንድ ነጋዴ ሲከስር ጉባኤው ያጣራ ነበር፤ ከአባልነት እስከ መሰረዝ ይደርሳል። ጭካኔ ሊመስል ይችላል፤ እኔም መሰረዙን አልደግፍም። ግን ሐሳባቸው ገብቶኛል። ነጋዴ ሲወድቅ ይዞት የሚወድቀው የሰው ገንዘብ ነው። የብድር ነገር የግል ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ የባልንጀራ ፍቅር ጉዳይ ነበር። የእኛ አብያተ ክርስቲያናት ስለ በረከት ብዙ ይሰብካሉ። ስለ ዕዳ ስንቴ ሰማን?


የጉለሌው አገልጋይ

ጌታ ይባርካችሁ። ይሄ ውይይት እውነት ለመናገር ከብዙ ስብከት ይበልጣል። ስለ ድንኳኑ ጥቅስ ትንሽ ልበል፤ በየቦታው ስለሚጠቀስ።

ኢሳይያስ 54፥2 "የድንኳንሽን ስፍራ አስፊ" ብሎ አያበቃም። "አውታሮችሽን አስረዝሚ፣ ካስማዎችሽንም አጽኚ" ይላል። እኛ መድረክ ላይ የምንጮኸው የመጀመሪያውን ግማሽ ነው። ድንኳን ሲሰፋ ነፋስ የሚያገኘው ቦታም ይሰፋል። በድሮው ካስማ ከሆነ ይነቀላል። ስለዚህ የጸሎት ቡድንሽም ባለቤትሽም ከአንድ ጥቅስ ውስጥ ነው የተናገሩት፤ እየተጣሉ አይደለም።

የሐዋርያት ሥራ 6ንም ተመልከቱ። ቤተ ክርስቲያን በዛች። ወዲያው ምን ተሰማ? ማጉረምረም። የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት መበለቶች በዕለት ምግብ ክፍፍል ተረሱ። ሐዋርያት "ዋናው ቃሉ ይስፋ፣ ይሄ ትንሽ ነገር ነው" አላሉም። ሕዝቡን ሰብስበው ሰባት ሰዎች ተመረጡ፣ ሥራው ባለቤት አገኘ። የእግዚአብሔር ቃል እየሰፋ ሄደ የሚለው ከዚያ በኋላ፣ ቁጥር 7 ላይ ነው። ዕድገት መጣ፣ የተረሳ ሰው ተገኘ፣ እሱ ተስተካከለ፣ ከዚያ እንደገና ዕድገት። እህት አብሲት የነገረችን የተረሱትን ነው። መበለቶቹን ነው።

ባለምጣዷ ስለ ፍርሃት ለጠየቅሽው የማስበውን ልንገርሽ። ፈሪ ሰው ምንም አያደርግም፤ ቢጠየቅም ምክንያቱን በግልጽ አይናገርም። ታጋሽ ሰው ግን እየሠራ ነው የሚጠብቀው፣ ምን እንደሚጠብቅም ያውቃል። "ይህ ይህ ሲሟላ እቀበላለሁ" ብለሽ በወረቀት መጻፍ ከቻልሽ ፍርሃት አይደለም።


የዲላው

ቤተሰቦቼ ጌዴኦ ውስጥ ቡና አምራቾች ናቸው። የጉለሌው አገልጋይ "እየሠራ ይጠብቃል" ሲል አባቴ ትዝ አለኝ።

የቡና ችግኝ መጀመሪያ ጥላ ሥር ይፈላል። ክረምት ሲገባ ወደ ማሳው ይዛወራል። ፍሬ የሚያሳየው በሦስተኛው ወይ በአራተኛው ዓመት ነው። እስከዚያ ቤተሰቡ ምን ይበላል? እንሰት። ቡናውና እንሰቱ እዚያው አንድ ማሳ ላይ፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው ያሉት። እንሰቱም ራሱ ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፤ ስለዚህ በየዓመቱ ይተከላል፤ ሁልጊዜ የደረሰ እንዲኖር። ይህ አሠራር ነው በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው።

ያዕቆብ "ገበሬው የፊተኛውንና የኋለኛውን ዝናብ እስኪቀበል ይታገሣል" ሲል እኔ የማየው ይህንን ነው። አባቴ ቡናውን አራት ዓመት መጠበቅ የቻለው ቤት ውስጥ ቆጮ ስለነበረ ነው። ቆጮ የሌለው ሰው ታገሥ ቢባል ቡናውን ገና በአበባው ይሸጠዋል፤ ብዙዎች ተቸግረው ሲሸጡ አይቻለሁ። ባለምጣዷ፣ በካሽ የሚከፍሉሽን የሰፈር ሱቆች አትልቀቂ። ለሱፐርማርኬቱ ብለሽ እነሱን ካጎደልሽ ተነቅሎ የሚጣለው እንሰቱ ነው።


ባለምጣዷ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ሁሉንም ለባለቤቴ አነበብኩለት፣ ሁለታችንም ረጋ አልን። ጋሼ እንዳሉት ጠይቄ መጣሁ። ክፍያው በ45 ቀን ነው፤ በትክክል እንደገመቱት። ያልተሸጠውንም የምመልሰው እኔ ነኝ።

ስለዚህ እንዲህ ብለን ጻፍን። የቤተሰቦቹን ቤት አናስይዝም፤ ያ ቤት የእኛ ብቻ አይደለም። ለሱፐርማርኬቱ ለአንድ ቅርንጫፍ ብቻ 200 እንጀራ እንድናቀርብ፣ ክፍያው በየ15 ቀኑ እንዲሆን፣ ተመላሹም ከአሥር አንድ እንዳይበልጥ እንጠይቃለን። ሁለት ምጣድ ከእቁቤ እገዛለሁ። የሠራተኞቼን የሁለት ወር ደሞዝ ለብቻ ሳላስቀምጥ ሌላ ቅርንጫፍ አልጨምርም። ይህንን የጻፍኩት እህት አብሲትን እያሰብኩ ነው።

እምቢ ካሉኝ እምቢ አሉ። ነገ ባለቤቴ አብሮኝ ሄዶ እንነጋገራለን።


አብሲት

እህቴ፣ ስለ ደሞዙ ስላሰብሽ አለቀስኩ። ጌታ ያክብርሽ።


ፈጣኑ

አንድ ብቻ ልጨምር። የሚከፈልሽን ዋጋ ከጤፍ ዋጋ ጋር አያይዢው። "ጤፍ በዚህን ያህል ከጨመረ ዋጋው እንደገና ይታያል" የሚል አንቀጽ ውሉ ላይ አስገቢ። አለበለዚያ በስድስት ወር ውስጥ በኪሳራ ትጋግሪያለሽ። በቃል አይሁን፣ ይጻፍ።


ከሪያድ

ሰላም ለናንተ ይሁን። ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ያጠራቀምኩት ትንሽ ገንዘብ አለ። የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም የሆነ ነገር ውስጥ ገብቶ "ብርሽን በወር እጥፍ አደርግልሻለሁ፣ እኔ ሁለቴ ተከፍሎኛል" እያለኝ ነው። የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው፣ አይዋሸኝም። ወንድሜ ደግሞ ባጃጅ ግዢልኝ ይላል። ዕድሜዬ እየሄደ ነው፣ እህቶቼ ሁሉ አግብተው ወልደዋል፣ እኔ ብቻ የቀረሁ ይመስለኛል። የቱን ላድርግ?


ሰንበቴ

እህታችን፣ በመጀመሪያ አልቀረሽም። ዮሴፍ ሲሸጥ 17 ዓመቱ ነበር፣ በፈርዖን ፊት ሲቆም 30። በመሀሉ ሰው ቤት አገልግሏል፣ ታስሯል፣ ተረስቷል። በእነዚያ 13 ዓመታት እግዚአብሔር ከእሱ ጋር ነበረ ይላል መጽሐፉ፤ በኋላ ብቻ አይልም። ጌታችንም አገልግሎቱን ሲጀምር ዕድሜው 30 ያህል ነበር። አንቺ ሰው አገር የምታፈሺው ላብ በእሱ ዘንድ የታወቀ ነው።


እህል በረንዳ

ልጄ፣ ለአክስትሽ ልጅ አንድ ጥያቄ ጠይቂው። ትርፉ ከምን ይመጣል? ምን ተሽጦ? እሱ ሁለቴ የተከፈለው ከኋላው ከገቡት ሰዎች ገንዘብ ነው። አዲስ ሰው መግባት ሲያቆም ያ ነገር በአንድ ቀን ይጠፋል፣ የመጨረሻዎቹም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ልጁ እየዋሸሽ ላይሆን ይችላል፤ እሱም ተታሎ ይሆናል። አንቺ ትርፍ አግኝተሽ ብትወጪ እንኳ የወሰድሽው እንዳንቺ ሰው ቤት የምትሠራ የሌላ እህት ደሞዝ ነው። ምሳሌ 13፥11 በችኮላ የተከማቸ ሀብት ይጎድላል የሚለው ለዚህ ነው። አትግቢ።

የባጃጁን ነገር ግን አልጠላሁትም። ሥራ ነው። ወንድምሽ መንጃ ፈቃድ አለው? ካለው መጀመሪያ የሰው ባጃጅ ይዞ ለባለቤቱ የቀን ገቢ እያስገባ ጥቂት ወራት ይሥራ። በየቀኑ ስንት እንደገባ፣ ለነዳጅና ለጥገና ስንት እንደወጣ በደብተር ይጻፍ፤ ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ። ሒሳቡ የሚያዋጣ ከሆነና ደብተሩን ሳያቋርጥ ከያዘ፣ ያኔ ግዢ፤ ሊብሬው በአንቺ ስም ይሁን። እስከዚያ ገንዘብሽ በራስሽ ስም ባንክ ይቀመጥ፤ ለዲያስፖራ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈት ሒሳብ አለ፣ ጠይቂ።


ከሪያድ

እሺ ጋሼ። መንጃ ፈቃድ የለውም። መጀመሪያ የሥልጠናውን ልክፈልለት መሰለኝ፤ ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ።